አሮጌው ጎማ ከመጣሉ በፊት፦ በሐይቅና በአምባሰል መንገድ አዲስ ጎማ ገጥመው መሪያቸው ስለሚዋልል ተሽከርካሪዎች

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ ይታሰብ። ጎማዎቹ አልቀው፣ ጥርሳቸው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ሳለ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ባለንብረቱ እንደምንም ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ ጎማ ባስገጠመ ማግስት ግን፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መሪው በአሽከርካሪው እጅ ውስጥ ይዋልላል፤ የተሽከርካሪው የኋላ ክፍል ከፊቱ ዘግይቶ የሚከተል ይመስላል፤ አሽከርካሪው በየጥምዙ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደኅንነት ተገዛ በተባለበት ዕለት ሥጋት ገባ። ከኋላ የተቀመጡት መንገደኞች ስለዚህ የሚያውቁት ነገር የለም።

አቤቱታው ወደ ባለሙያ ሲቀርብ የሚሰጡት መልሶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። ጎማውን የሸጠው ነጋዴ «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለመዳል» ይላል። የገጠመው ጎሚስታ «አላይመንት ነው» ይላል። መካኒኩ ደግሞ ተሽከርካሪውን በክሪክ አንሥቶ፣ የፊቱን እግር ወዲያና ወዲህ ነቅንቆ፣ የመሪ ዘንግ ጫፍ ወይም ኩሽኔታ ይቀየር ይላል። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው መልሶቹ ሐሰት ናቸው ብሎ አይደለም። መልሶቹ ከምርመራ በፊት ይሰጣሉ፤ ለምርመራው ዋና ማስረጃ የሆነው አሮጌው ጎማ ደግሞ ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት ከእጅ ወጥቷል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአውቶሞቲቭና የሜካኒካል ምህንድስና ተመራማሪዎች ዘንድም ጉዳዩ እንደ ጋራዥ ተራ ነገር መታየቱ ተገቢ አይደለም።

ሦስት ግሦች

አሽከርካሪዎች የሚሰማቸውን ሲናገሩ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ከሚታሰበው በላይ ትክክለኛ ናቸው። መኪናው «ይስባል» ሲሉ ወደ አንድ ወገን ያለማቋረጥ መጎተቱን ነው። «ይንቀጠቀጣል» ሲሉ ከአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ መሪው ወይም ወንበሩ መርገብገቡን ነው። «ይዋኛል» ወይም «ይዋልላል» ሲሉ ደግሞ ወዴትም ሳይጎትት፣ ሳይንቀጠቀጥም፣ ለመሪው ትእዛዝ ዘግይቶና ልል ሆኖ መመለሱን ነው። እነዚህ ሦስት ግሦች ሦስት የተለያዩ የመንሥኤ ቤተሰቦችን ይጠቁማሉ፤ ጋራዥ ደጃፍ ሲደርሱ ግን ሦስቱም «አላይመንት» በሚል አንድ ስም ሥር ይጠቃለላሉ።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ጥቂት ዘወር ማለት ይቻላል። የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ውጫሌ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ፍቺ ይዞ በመገኘቱ የምትታወስ ስፍራ ናት። በዚያችው ከተማ ዛሬ በቆመ ሚኒባስ ዙሪያ በሚካሄድ ንግግርም ሁለቱ ቋንቋዎች አሁንም አሉ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ክሪክና ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ተወርሰው በሙያው ውስጥ የቀሩ ናቸው። ሁሉም ለዕቃና ለሰው የተሰጡ ስሞች ናቸው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በፊት በኩል ከኋላቸው ይልቅ በምን ያህል እንደሚቀራረቡ፣ ወይም አንድ ጎማ ከቀጥታ ቁመቱ በስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ የሚገልጽ፣ በሙያው ዘንድ የተለመደ የአማርኛ ቃል ግን ማግኘት ያስቸግራል። ሊቀየር የሚችለው ነገር ሁሉ ስም አለው፤ ሊለካ የሚገባው ነገር ስም የለውም። ሾፌሩ በግስ ሲናገር ጋራዡ በስም የሚመልሰው ከዚህ የተነሣ ይመስላል፤ የምርመራው መጨረሻም ዕቃ መለወጥ ይሆናል።

ወደ ግሦቹ ስንመለስ፣ ቀላሉ «ይስባል» ነው። አዲስ ጎማ በውስጡ ያለው የብረት ሽቦ ቀበቶ ከመሐሉ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ከተሠራ፣ ጎማው ሲንከባለል እንደ ሾጣጣ ነገር ወደ አንድ ወገን ይገፋል። ይህን ከተሽከርካሪው አካል ችግር ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ክሪክና ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ ማቀያየር ይበቃል። መጎተቱ ወገን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ካልለወጠ የተሽከርካሪው ነው። ጎማው በጎኑ ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበት ከሆነ ግን ይህ ሙከራ እንዲሁ አይደረግም። ከሙከራው በፊት ደግሞ በአንዱ ወገን ያለው ፍሬን ተጣብቆ እንዳልቀረ ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ወደ ቸርኬዎቹ እጅን አስጠግቶ የአንዱን ሙቀት ከሌላው ማነጻጸር ይበቃል። የአስፋልት መንገድ ውኃ እንዲያፈስስ ከመሐሉ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ፣ በቀኝ በኩል የሚነዳ ተሽከርካሪ ሁሉ በትንሹ ወደ ቀኝ ማዘንበሉም የተፈጥሮ ነገር ነው። ሙከራው ሜዳማና ደልዳላ ቦታ ላይ ካልተደረገ መንገዱ ራሱ ይከሰሳል።

«ይንቀጠቀጣል» የራሱ ፊርማ አለው። ለሚኒባስ የተለመደው ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ሁለት ሜትር ከጥቂት ያህል ይጓዛል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ይህ በሰከንድ ወደ 10 ዙር ይሆናል። እግሩ በባሌስትራና በአሞርዛተር ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን የሚያወዛውዝበት ድግግሞሽም ከዚያው አካባቢ ይጀምራል። ስለዚህ ባላንስ ያልተደረገ ወይም ቸርኬው ላይ ዙሪያውን በትክክል ያልተቀመጠ ጎማ በ50 ዝም ብሎ በ80 ይናገራል። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ሳይሆን በዙሪያ ተራ ከጠበቁ፣ ወይም ከመጀመሪያዎቹ 50 እስከ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ዳግም ካልጠበቁም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል፤ የዚህኛው መጨረሻ ግን ከመንቀጥቀጥ የከፋ ሊሆን ይችላል።

አስቸጋሪው «ይዋኛል» ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ክርክር በአብዛኛው እሱን ይመለከታል።

የተጣለው ማስረጃ

አንድ ጎማ ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ሲንከባለል የተሽከርካሪውን ጉድለት ሁሉ በገላው ላይ ይጽፋል። ሁለቱም ጠርዞቹ አልቀው መሐሉ ከተረፈ በአነስተኛ ንፋስ ተነድቷል። መሐሉ ብቻ ካለቀ ንፋሱ በዝቶ ነበር። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ እግሩ ያዘነበለ ወይም የሁለቱ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ የተዛባ ነው። መዳፍን በጥርሶቹ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭና ከውጭ ወደ ውስጥ ሲያሳልፉ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ጎማው ወደ ፊት እየተንከባለለ በጎኑ ሲጎተት እንደኖረ ያስረዳል። ዙሪያው እዚህም እዚያም የጎደጎደ ከሆነ አሞርዛተሩ ሥራውን አቁሟል፤ ወይም ባላንሱ ጠፍቷል።

ይህን ማንበብ ማሽን አይጠይቅም። ይሁን እንጂ በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። አሮጌው ጎማ ከቸርኬው እንደወጣ ገዢ ያገኛል። ለበረባሶ ጫማ የሚፈልገው አለ፤ ለከብት ማጠጫ፣ ለጋሪ፣ ለአጥር የሚወስደው አለ። አሽከርካሪው ከሁለት ቀን በኋላ መሪው ዋለለብኝ ብሎ ሲመለስ፣ የመሪውን ታሪክ የያዘው ሰነድ ምናልባት በአንድ ገበሬ እግር ሥር ሆኖ ወደ ገበያ እየሄደ ነው። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው፤ የሚነቀፈው ሰነዱ ሳይነበብ መሄዱ ብቻ ነው።

አሮጌው ጎማ ማስረጃ ብቻ ሳይሆን መሸፈኛም ነበር። አቅጣጫቸው በተዛባ የፊት እግሮች ላይ ለረጅም ጊዜ የኖረ ጎማ እንደ መዛባቱ ልክ እያለቀ ቅርጹን ከጉድለቱ ጋር ያስማማል። አሽከርካሪውም እጁን እንደዚያው ያለምዳል። ጎማው፣ እጁና ጉድለቱ ተስማምተው ሲኖሩ ችግር ያለ አይመስልም። አዲሱ ጎማ ግን የዚህ ስምምነት ተካፋይ አይደለም። ሙሉ ጥርስ፣ እኩል ትከሻና ጠንካራ አያያዝ ይዞ ሲገባ የቆየው ጉድለት ሁሉ በአንድ ቀን ይሰማል። ስለዚህ «አዲሱ ጎማ መኪናዬን አበላሸው» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ «አዲሱ ጎማ የመኪናዬን ብልሽት ገለጠው» ተብሎ ቢተረጎም ከእውነቱ ይቀርባል። ብዙውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ የሚቀጥለው ክፍል የሚመለከተው ጎማው ራሱ የሚጠየቅበትን ሁኔታ ነው።

ሁለት አዲስ፣ ሁለት አሮጌ

ጎማ ዛሬ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ከብዷል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውም በመንገድ ላይ ያሉት ተሽከርካሪዎች ረዘም ላለ ዘመን እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። በዚህ ሁኔታ አራቱንም ጎማ በአንድ ቀን መቀየር የጥቂቶች ዕድል ነው። የብዙዎቹ ምርጫ ሁለት አዲስ ገዝቶ ሁለቱን አሮጌ ማቆየት ነው። ጥያቄው አዲሶቹ የት ይግቡ የሚል ይሆናል።

አንድ ጎማ ተሽከርካሪን በጥምዝ ላይ የሚይዘው ፊቱን ካዞረበት አቅጣጫ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በመንከባለል ነው። በሚያመለክትበትና በእውነት በሚሄድበት አቅጣጫ መካከል ያለው ትንሽ ማዕዘን የጎን ኃይልን ይፈጥራል። ለአንድ ዲግሪ ማዕዘን ብዙ ኃይል የሚሰጥ ጎማ ጠንካራ፣ ጥቂት የሚሰጥ ልል ይባላል። ከዚህ ላይ ነው ያልተጠበቀው ነገር የሚመጣው። በደረቅ አስፋልት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከአዲሱ ይልቅ ጠንካራ ነው። ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው አዲስ የጎማ ጥርሶች በጎን ኃይል ሥር ይተጣጠፋሉ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የቀረው ጥርስ የሚተጣጠፍበት ቁመት የለውም። ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የቀረ ቅባት መሰል ነገርም በአዲሱ ጎማ ገጽ ላይ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይቆያል። ነጋዴው «ይለመዳል» ሲል ይህን ያህል እውነት በእጁ አለ።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰደ ስሌት ይቀርባል። የፊት እግሮቹ 12፣ የኋላዎቹ 16 ኪሎ ኒውተን የተሸከሙ፣ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል 2.57 ሜትር ርቀት ያለው ሚኒባስ ይወሰድ። ባለቁ ጎማዎች የፊቱ ጥንካሬ በዲግሪ 2.2፣ የኋላው 3.2 ኪሎ ኒውተን ነው እንበል። ይህ ሚኒባስ 100 ሜትር ራዲየስ ያለውን ጥምዝ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲዞር የጎን ኃይሉ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ በ1.09 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ በ1.00 ዲግሪ ይንሸራተታሉ። የፊቱ ከኋላው ስለሚበልጥ ተሽከርካሪው የተረጋጋ ጠባይ አለው፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጥቂት ተጨማሪ መሪ ይጠይቃል። አሁን ሁለት አዲስ ጎማዎች ከኋላ ገብተው የኋላው ጥንካሬ በ15 በመቶ ዝቅ ብሎ 2.72 ሆነ እንበል። የኋላው ማዕዘን ወደ 1.18 ያድጋል፤ የፊቱ በ1.09 ይቀራል። ሚዛኑ ተገለበጠ። አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር ፊቱ ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ኋላው ግን ዘግይቶ፣ ሰፋ ብሎ ይከተላል። «ይዋኛል» የተባለው ይህ ነው፤ የሾፌሩ ቅዠት አይደለም።

ይኸው ስሌት አደጋው የት እንዳለም ያሳያል። በነዚህ ቁጥሮች ተሽከርካሪው በደረቅ መንገድ በእርግጥ ከቁጥጥር የሚወጣው ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ነው፤ በሐይቅና በውጫሌ መካከል የሚሠራ ሚኒባስ እዚያ አይደርስም። በሌላ በኩል በክረምት፣ ዝናብ በአስፋልቱ ላይ ሲፈስስ፣ ጥርስ አልባው ጎማ ውኃውን ሰንጥቆ መሬት መያዝ አይችልም። ያለቁት ጎማዎች ከኋላ ካሉ ኋላው ከፊቱ በፊት ይለቅቃል፤ ተሽከርካሪው በራሱ ዙሪያ ይዞራል፤ ይህን በመሪ ማረም የሚችል አሽከርካሪ ጥቂት ነው። ያለቁት ከፊት ካሉ ተሽከርካሪው በጥምዙ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ይጀምራል፤ ይህም መጥፎ ነው፤ ቢሆንም አሽከርካሪው ቀድሞ በመሪው ይሰማዋል፣ ፍጥነት በመቀነስም የማዳን ዕድል አለው። ታላላቅ የጎማ አምራቾች ሁለት ብቻ ሲቀየር አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ተመራማሪን ሊያስጨንቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በደረቅ መንገድ የሚያስፈራው አገጣጠም በዝናብ የሚያድነው ሆኖ ይገኛል። አሽከርካሪው በበጋ የዋለለበትን መሪ ለማስተካከል አዲሶቹን ጎማዎች ወደ ፊት ቢያመጣ፣ ስሜቱ በዕለቱ ይሻሻላል፤ ሐምሌ ሲመጣ ግን ዕዳው ይጠብቀዋል። ስሜትና ደኅንነት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አይሄዱም። «የፊት ጎማ ቢፈነዳ መሪ ይነጥቃል፤ ስለዚህ አዲሱ ለፊት» የሚለው የተለመደ ክርክር ተራ ነገር ተብሎ የሚጣል አይደለም። በርግጥም ጎኑ የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የታየ ጎማ ከፊት ሊሆን አይገባም፤ ግን እንዲህ ያለው ጎማ ከኋላም ሊሆን አይገባም።

የጣራ ላይ ጭነት ሲታከል ነገሩ ይብሳል። በገበያ ቀን እህል በጆንያ፣ ሌላም ሌላም በጣራና በኋላ ሲጫን፣ ከላይ በቀረበው ስሌት የኋላው 16 ኪሎ ኒውተን ከፍ ይላል፤ የኋላው ማዕዘንም አብሮ ያድጋል። በዚህ ላይ የተገዛው ጎማ ልኩ ትክክል ሆኖ ዓይነቱ የቤት አውቶሞቢል ጎማ ከሆነ ግድግዳው ይተጣጠፋል። ለጭነትና ለሚኒባስ የተሠራ ጎማ ከልኩ ቁጥር በኋላ «ሲ» የሚል ፊደልና የድርብርቡን ልክ የሚያሳይ ቁጥር በጎኑ ላይ ይዟል። ዋጋው ስለሚቀንስ ብቻ ያለዚህ ምልክት የተገዛ ጎማ አልቆ እስኪቀየር ድረስ ይዋኛል፤ መልመድ አያድነውም። በጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የቆየ ጎማ «አዲስ» ተብሎ መሸጡን ለማወቅ እነሱን ማንበብ ይበቃል።

ንፋስ

ከሁሉም በፊት መጣራት የሚገባውና ከሁሉም ያነሰ ክብር የሚሰጠው ንፋስ ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ ዙሪያውን እንዲቀመጥ ጎሚስታው ከሚገባው በላይ ይነፋል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያው ይቀራል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካበት ገጽ ይጠብባል፤ ተሽከርካሪው በየአስፋልቱ ጠባሳ ይዘልላል፤ ይህም «ይዋኛል» ይባላል። መዶሻ መትቶ ድምፁን ማዳመጥ የፈነዳውን ካልፈነዳው ይለያል እንጂ 35ን ከ45 አይለይም።

ከፍታን በተመለከተ በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ይወራል። በዚህ አካባቢ ከፍታ የ1000 ሜትር ልዩነት የከባቢ አየርን ግፊት በ1.4 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይለውጣል። ከደሴ ብርድ ወርዶ ቆላማ ሥፍራ የደረሰ ጎማ በመለኪያው ላይ ይህን ያህል ዝቅ ብሎ ሊታይ ይገባ ነበር። ነገር ግን በ35 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ግፊቱ በ1.5 ያህል ይጨምራል፤ ጉዞና ፍሬን ደግሞ ከ10 ዲግሪ በላይ ያሞቁታል። ስለዚህ ሙቀቱ ከፍታውን ያሸንፋል። እዚያ ታች ጎማው ትኩስ ሳለ ተለክቶ «በዝቷል» ተብሎ ንፋስ ከተቀነሰ፣ በማግስቱ ጠዋት ደሴ ላይ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ የመዋለሉም ምክንያት በሌላ ምክንያት ይተካል። መፍትሔው ጎማውን በቀዝቃዛነቱ፣ ጠዋት፣ ከጉዞ በፊት መለካት ነው። ከፍታው ብቻውን ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አልፎ አልፎ ነው።

ቅደም ተከተል እና ዋጋው

ከላይ የተባለው ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ምርመራው በማንኛውም ከተማ ሊደረግ የሚችል ይሆናል። ንፋሱ በቀዝቃዛነቱ ይለካ፤ የጎማው ዓይነትና የተመረተበት ጊዜ ከጎኑ ላይ ይነበብ፤ ዳዶው ይጥበቅ፤ የፊት ጎማዎች ይቀያየሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የመሪ ዘንግ ጫፎችና ኩሽኔታዎች ይፈተሹ። የሁለቱ የፊት ጎማዎች አቅጣጫም ቢሆን ማሽን ሳይኖር በግምት ይለካል። እያንዳንዱ ጎማ እየዞረ በመሐሉ ላይ በጠመኔ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፤ መኪናው መሬት ላይ ወርዶ ጥቂት ከተገፋ በኋላ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት በእምብርቱ ከፍታ ላይ፣ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላ በሜትር ይለካል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ከጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፈ ወደ ማሽኑ መሄድ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ግን የማይታለፍ ሕግ ነው። ንፋሱን፣ ባላንሱንና የዘንጉን ጫፍ በአንድ ከሰዓት የቀየረ ጋራዥ መኪናውን ቢያድንም ምክንያቱን አላወቀም፤ ቀጣዩን መኪና ከዜሮ ይጀምራል።

መካኒኮች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አለ፤ ፍትሐዊም ነው። ባለመኪናው ለዕቃ ይከፍላል፤ ለልኬት አይከፍልም። መካኒኩ አንድ ሰዓት ለክቶ «ንፋሱ በዝቶ ነበር፤ ሌላ ችግር የለም» ቢል የሚያገኘው ምስጋና ብቻ ነው፤ የዘንጉን ጫፍ ቢቀይር ግን የእጁን ዋጋ ያገኛል። የምርመራ ክፍያ በጋራዦች ዘንድ በግልጽ እስካልተለመደ ድረስ ጥሩ ምርመራ የሚያደርግ ሰው በራሱ ኪሳራ የሚያደርግ ነው። ከተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመነጨው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራም ይህን ክፍተት አይሞላም፤ ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ያለውን ሁኔታ ያያል፤ ጎማው ግን የሚቀየረው ከዚያ ቀን በኋላ በማንኛውም ጊዜ ነው።

ለተመራማሪዎች የሚቀርበው ሐሳብ ታላቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ከዚህ መንገድ ሩቅ አይደለም። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በሐይቅና በውጫሌ ካሉ ጎሚስታዎች ጋር ተስማምቶ፣ የወጣው ጎማ ሁሉ ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት በአንድ መዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ይችላል። መዝገቡ ላይ ጎማው የነበረበት እግር፣ በሦስት ነጥብ የተለካ የጥርስ ቁመት፣ መዳፍ የሚሰማው የመጋዝ አቅጣጫና ሲወጣ የነበረው ንፋስ ይጻፋሉ። ሾፌሩ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ የተናገረው ግስ ከጎኑ ይጻፋል። «ሳበ»፣ «ተንቀጠቀጠ» ወይም «ዋኘ» የሚለው ቃል ከአሮጌው ጎማ ገጽ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ማየት ይቻላል። ክረምቱን መጨመሩ የግድ ነው፤ በደረቅ ወራት ብቻ የተሰበሰበ መረጃ አዲሶቹን ጎማዎች ወደ ፊት አምጡ የሚል የተሳሳተ ምክር ሊሰጥ ይችላልና።

ለጎሚስታው ለእያንዳንዱ መዝገብ ጥቂት ብር ሊከፈለው ይገባል። አሮጌው ጎማ በደጁ አንድ ቀን ሲያድር ቦታ ይይዛል፤ የበረባሶ ሠሪውም ይጠብቃል።